አይዳ ሉፒኖ፤ ከካሜራው ፊት ወደ ካሜራው ኋላ

ፊልም የብዙ ባለሙያዎች እጅ ያረፈበት ሥራ ቢሆንም፣ ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ በአእምሮው ይዞ የሚሄደው በሸራው ላይ ያየውን ፊት ነው። ድርሰቱን የጻፈው፣ ትርኢቱን የመራው፣ ገንዘቡን ፈልጎ ያገኘው፣ የተቀረጸውን ቆርጦ የቀጠለው ሰው ከዚያ ፊት በስተኋላ ተሸሽጎ ይቀራል። ስለዚህም አንድ የታወቀ ተዋናይ የሚታየውን ስፍራ ትቶ ወደማይታየው ሥራ ሲሻገር፣ ምን ፈልጎ እንደ ተሻገረና ስለ መሻገሩ ምን ዋጋ እንደ ከፈለ መመርመር ለሙያው ሰዎች ሁሉ ይጠቅማል። በሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ይህንን መንገድ ከሄዱት መካከል፣ በእንግሊዝ አገር ተወልዳ በአሜሪካ የሠራችው አይዳ ሉፒኖ ልዩ ስፍራ አላት። ተዋናይት፣ ደራሲ፣ ፕሮዲውሰርና ዲሬክተር ነበረች። በ1950ዎቹ ዓመታት በሆሊውድ ፊልም የምትመራ ሴት ከእርሷ በቀር አልነበረችም ቢባል ከእውነቱ እምብዛም አይርቅም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተዋናዮች ቤት ልጅ

አይዳ ሉፒኖ የካቲት 4 ቀን 1918 ለንደን ከተማ ውስጥ ካምበርዌል በተባለው ሰፈር ተወለደች። የሉፒኖ ቤተሰብ ከኢጣልያ የፈለሰ፣ ለብዙ ትውልድ በመድረክ ሲያድር የኖረ ዘር ነው። ዘፋኙ፣ ጨፋሪው፣ ተገለባባጩ፣ አስቂኙ ሁሉ ከዚህ ቤት ወጥቷል። አባቷ ስታንሊ ሉፒኖ በዘመኑ ስሙ የገነነ የሙዚቃና የቀልድ ተውኔት ተዋናይ ነበር፤ እናቷ ኮኒ ኤመራልድም የመድረክ ሰው ነበረች። ዘመዷ ሉፒኖ ሌን ደግሞ ድምፅ አልባ ፊልም በነገሠበት ዘመን በአስቂኝነቱ የታወቀ ነበር። በእንዲህ ያለው ቤት የሚወለድ ልጅ ሙያውን የሚመርጠው ሳይሆን ሙያው የሚመርጠው ነው። አይዳ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የመጀመሪያ ተውኔቷን እንደ ጻፈች ይነገራል። እንግዲህ ተዋናይት ሳትባል በፊት ደራሲ ነበረች ማለት ነው። ከዚያም በለንደን ወደሚገኘው የንጉሣዊ የድራማ ጥበብ አካዳሚ ገብታ የተዋናይነትን ትምህርት በሥርዓት ተማረች።

የመጀመሪያው የፊልም ዕድሏ የመጣው በ1932፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አሜሪካዊው ዲሬክተር አላን ድዋን እንግሊዝ አገር ለሚያዘጋጀው ፊልም ወጣት ተዋናይት ሲፈልግ፣ እናቷ ለራሷ ሥራ ለማግኘት ወደ ፈተናው ሄደች። ሚናው ግን ለእናቲቱ ሳይሆን አብራ ለሄደችው ልጅ ተሰጠ። በፊልሙ የምትጫወተው ከእድሜዋ በላይ የሆነች፣ ሰውን የምታሳስት ወጣት ነበረች። እንዲህ ያለው ሚና ለብዙ ጊዜ እየተከተለ አስቸግሯታል። በ1933 ፓራማውንት የተባለው የፊልም ኩባንያ ወደ ሆሊውድ ሲጠራት፣ ጠጉሯን እንደ ወርቅ አንጥቶ፣ ቅንድቧን ላጭቶ፣ በጊዜው ታዋቂ ከነበሩት ውብ ሴቶች የአንዷ ግልባጭ ሊያደርጋት ሞከረ። መልኳ እንጂ ችሎታዋ አልተፈለገም።

በዚህ ላይ በ1934 የልምሻ በሽታ ወይም ፖሊዮ ያዛት። የበሽታው ወረርሽኝ በሎስ አንጀለስ በተነሣበት በዚያ ዓመት ብዙዎች አካላቸው ሲሰንፍ፣ እርሷ ግን ለመዳን በቃች። ሆኖም በአልጋ ላይ ያሳለፈቻቸው ቀናት አሳቧን ወደ ሌላ መንገድ መሩት። የተዋናይ ሀብት አካሉ ነው፤ አካል ደግሞ በአንድ ሌሊት ሊከዳ ይችላል። ከዚያ ወዲህ አይዳ ከአካል ጋር የማይጠፋ ሙያ፣ በተለይም መጻፍን፣ በልቧ ይዛ እንደ ኖረች በኋላ ከሠራቻቸው ሥራዎች መረዳት ይቻላል።

የሥራ ፈትነት ትምህርት ቤት

እውነተኛ ተዋናይነቷ የታወቀው በ1939 ነው። ዊልያም ዌልማን የተባለው ዲሬክተር የሩድያርድ ኪፕሊንግን ልቦለድ ወደ ፊልም ሲለውጥ፣ አይዳ ሳትጠራ ቢሮው ድረስ ሄዳ የሚናውን ቃል በፊቱ ተጫወተችና ሥራውን አገኘች። ቀጥሎም ዋርነር ብራዘርስ ቀጠራት። በ1940 ዴይ ድራይቭ ባይ ናይት በተባለው የጭነት መኪና ነጂዎችን ኑሮ በሚያሳይ ፊልም፣ በችሎት ፊት አእምሮዋ የሚናወጥ ነፍሰ ገዳይ ሚስት ሆና ስትጫወት፣ ከዋነኞቹ ተዋናዮች ይልቅ የተመልካችን ዓይን የያዘች እርሷ ሆነች። በ1941 ሃይ ሲየራ በተባለው ፊልም ስሟ ከሃምፍሪ ቦጋርት ስም በላይ ተጽፎ ወጣ። ዘ ሃርድ ዌይ በተባለው ፊልም ታናሽ እህቷን ወደ ዝና ለማድረስ ሰውን ሁሉ የምትረግጥ ሴት ሆና በመጫወቷ፣ በ1943 የኒውዮርክ የፊልም ሐያስያን ማኅበር የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ሰጣት።

ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን የሆሊውድ ተዋናይ ክብሩ የኮከብ፣ መብቱ ግን የቅጥር ሠራተኛ ነበር። በረዥም ውል የታሰረ ተዋናይ ኩባንያው የሰጠውን ሚና አልጫወትም ቢል ከሥራና ከደመወዝ ይታገዳል፤ የታገደበትም ጊዜ በውሉ ላይ እየተጨመረ ይራዘምበታል። ይህ ልማድ የተሰበረው ተዋናይት ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ዋርነር ብራዘርስን ከሳ በ1944 በካሊፎርንያ ፍርድ ቤት ከረታች በኋላ ነው። በኩባንያው ውስጥ ትልልቆቹ ሚናዎች አስቀድመው ለቤቲ ዴቪስ ይሰጡ ነበር። ለአይዳ የሚደርሷት ዴቪስ ያልፈለገቻቸው ስለ ነበሩ፣ ራሷን በርካሽ ዋጋ የተገኘች ቤቲ ዴቪስ እያለች ትቀልድ ነበር። የማትፈልገውን ሚና አልቀበልም እያለችም በተደጋጋሚ ታግዳለች።

የሕይወቷ ትልቁ ትምህርት የተገኘው ከዚህ እገዳ ነው። ሌላው ተዋናይ በቤቱ ተቀምጦ የሚቆጭበትን ጊዜ፣ አይዳ በስቱዲዮው ግቢ እየተዘዋወረች የሌሎችን ሥራ በማየት አሳለፈችው። ካሜራው የት እንደሚቆም፣ ብርሃን እንዴት እንደሚጣል፣ የተቀረጸው ፊልም በቆራጩ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደሚሰካካ፣ አንድ ትርኢት በስንት ሰዓትና በስንት ገንዘብ እንደሚያልቅ ጠይቃ ተረዳች። የተዋናይ ሥራ በአብዛኛው መጠበቅ ነው። ሌሎች ሲሠሩ እርሷ ስትጠብቅ መኖሯ አስመርሯት ስለ ነበር፣ ስትጠብቅ የሚሠራውን ሥራ ለራሷ ለማድረግ ቆረጠች። በ1947 ከዋርነር ብራዘርስ ጋር የነበራት ውል ሲያበቃ እንደገና ለመታሰር አልፈቀደችም።

ስም ያልተጻፈበት ጅማሬ

አይዳ በ1938 ተዋናይ ሉዊስ ሃይዋርድን አግብታ በ1945 ተፋተው ነበር። በ1948 የአሜሪካ ዜግነት በተቀበለችበት ዓመት የፊልም ሥራ አስኪያጅ የነበረውን ደራሲ ኮሊየር ያንግን አገባች። ከእርሱና ከጥቂት ባልደረቦች ጋርም ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ቁጥጥር ውጭ የሆነ አነስተኛ የፊልም ድርጅት አቋቋመች። ድርጅቱ ብዙም ሳይቆይ ዘ ፊልምሜከርስ የሚል ስም ተሰጠው። ዓላማው በጥቂት ገንዘብ፣ በብዙ ያልታወቁ ተዋናዮች፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሊነኩት የማይደፍሩትን ማኅበራዊ ችግር ማሳየት ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ በ1949 የወጣው ኖት ዋንትድ፣ ማለትም ያልተፈለገ፣ የተባለው ፊልም ነው። አይዳ ከፖል ጃሪኮ ጋር በመሆን ጽፋዋለች። ታሪኩ ያለ ጋብቻ ያረገዘች፣ የወለደችውን ልጅ ለማደጎ የሰጠች፣ በኋላም በጸጸት አእምሮዋ ታውኮ የሌላ ሴት ሕፃን ከጋሪ አንሥታ ስትሄድ የተያዘች ወጣት ታሪክ ነው። ለዲሬክተርነት የተቀጠረው ኤልመር ክሊፍተን የተባለ ነባር ባለሙያ ነበር። ክሊፍተን ግን ሥራው እንደ ተጀመረ በልብ ሕመም ወደቀ። ሌላ ሰው ለመቅጠር ገንዘብ አልነበረም። የ31 ዓመቷ አይዳ ባዶውን ወንበር ያዘችና ፊልሙን ፈጸመች። ሆኖም በስም ዝርዝሩ ላይ ዲሬክተር ተብሎ የተጻፈው ክሊፍተን ነው። የታመመውን ሰው ክብር ላለመንካት ሥራውን ወሰደች፤ ስሙን ግን አልወሰደችም።

ፊልሙ የወጣበት ገንዘብ ከሁለት መቶ ሺህ ዶላር በታች ሲሆን፣ ያስገኘው ገቢና ያስነሣው ክርክር ግን ከተገመተው በላይ ነበር። አይዳ ስለ ፊልሙ ጉዳይ ከወይዘሮ ኤሊኖር ሩዝቬልት ጋር በሬዲዮ እስከ መወያየት ደርሳለች። እንዲህ ያለው ተቀባይነት የተገኘው ፊልሙ ልጅቷን ስለማይሰብክባትና ስለማይኮንናት ነው። የወደቀች ሴት በፊልም ላይ ስትታይ በሞት ወይም በውርደት መቀጣት በተለመደበት ዘመን፣ አይዳ ያሳየችው ግራ የገባትንና ብቻዋን የቀረችውን ልጅ ነው።

በስሟ የመራችው የመጀመሪያ ፊልም፣ በ1949 መጨረሻ የተዘጋጀው ኔቨር ፊር፣ በቀጥታ ከራሷ ሕይወት የተቀዳ ነው። አንዲት ዳንሰኛ ሙያዋ ሊያብብ ሲል ልምሻ ይዟት እግሯን ስትከዳ፣ እንደገና ለመራመድ የምታደርገውን ትግል ያሳያል። ትርኢቱ የተቀረጸው በሳንታ ሞኒካ በሚገኝ እውነተኛ የሕክምና ማእከል ውስጥ ነው። በዚያ የሚታከሙት ሕሙማንም በፊልሙ ውስጥ ተካፍለዋል። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በኅብረት የሚጨፍሩበት ክፍል፣ ሐዘኔታ ለመለመን ሳይሆን የሰውን ጽናት ለማሳየት የተደረገ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ የሚደነቅ ነው። ፊልሙ በገበያ አልቀናውም። ነገር ግን አይዳ በ1950 የአሜሪካ የፊልም ዲሬክተሮች ማኅበር አባል እንድትሆን መንገድ ከፍቶላታል። በማኅበሩ ከእርሷ በፊት የተመዘገበችው ሴት ዶሮቲ አርዝነር ብቻ ስትሆን፣ እርሷም ከ1943 ወዲህ ፊልም መምራቷን አቁማ ነበር።

ቃሉን ሳይናገሩ ነገሩን ማሳየት

በዚያን ጊዜ ማንኛውም የሆሊውድ ፊልም ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት፣ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት በነበረው የምግባር ደንብ መሠረት ይመረመር ነበር። በ1950 አይዳ ያቀረበችው አውትሬጅ የተሰኘው ፊልም የሚተርከው ስለ ተደፈረች ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። መርማሪዎቹ ግን የመደፈር ቃል እንኳ በፊልሙ ውስጥ እንዳይነገር ከለከሉ። የዲሬክተሯ ብልሃት የታየው ይህን ጊዜ ነው። ልጅቷ ከሥራ አምሽታ ስትመለስ፣ ሰው በሌለበት የመጋዘን ሰፈር ወንጀለኛው ይከተላታል። ሙዚቃ የለም። የሚሰማው የእግር ኮቴ፣ የፉጨት ድምፅና ማንም ሰው የማይመልሰው የመኪና ጡሩምባ ነው። የወንጀሉ ድርጊት አይታይም፤ አይነገርምም፤ የተመልካቹ ልብ ግን ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ክፍል ደግሞ ይበልጥ ድፍረት አለው። ፊልሙ ወንጀለኛውን በማሳደድ ፈንታ የተጎዳችውን ልጅ ይከተላል። የጎረቤት ሹክሹክታ፣ የሥራ ባልደረቦች አስተያየት፣ የእጮኛዋ አለማስተዋል እንዴት ከገዛ ቤቷ እንዳስወጣት ያሳያል። ሴትን ከወንጀሉ በኋላ የሚጎዳት ኅብረተሰቡ መሆኑን በ1950 በፊልም ማሳየት ቀላል ነገር አልነበረም። ፍጻሜው፣ አንድ ቄስ በምክር የሚያጽናናበት ክፍል፣ ለዘመኑ ደንብ የተገዛ መሆኑ አይካድም። ሆኖም የፊልሙ ክብደት ከፍጻሜው ሳይሆን ከመካከሉ የሚገኝ ነው። በ2020 አውትሬጅ በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ እንዲጠበቅ ተመርጧል።

በቀጣዩ ዓመት ሃርድ፣ ፋስት ኤንድ ቢዩቲፉል በተባለው ፊልም፣ ልጇን በቴኒስ ጨዋታ ዝነኛ ለማድረግ የራሷን ምኞት የምትጭንባትን እናት አሳየች። በዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ባሕርይ ጎልቶ ይታያል። የአይዳ ሰዎች ጀግኖች አይደሉም፤ ከባዶች ወንጀለኞችም አይደሉም። ኑሮ ከሚችሉት በላይ የጫነባቸው ተራ ሰዎች ናቸው።

በበረሃው መንገድ

የአይዳ ችሎታ በሙሉ የተገለጠው በ1953 በወጣው ዘ ሂች ሃይከር ነው። የስሙ ትርጉም በመንገድ ዳር ቆሞ በሰው መኪና የሚሳፈር መንገደኛ ማለት ሲሆን፣ መነሻው እውነተኛ ወንጀል ነበር። ቢሊ ኩክ የተባለ ሰው በ1950 መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ጨምሮ ስድስት ሰዎች ገድሎ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎችን በመሣሪያ አስገድዶ ወደ ሜክሲኮ ከሄደ በኋላ ተይዞ በታኅሣሥ 1952 በሞት ተቀጥቷል። አይዳና ኮሊየር ያንግ ታሪኩን ጻፉት። ወንጀለኛን በስሙ ማሳየት በደንቡ ስለ ተከለከለ ስሙንና ዝርዝሩን ለወጡ።

በፊልሙ ውስጥ ሴት ተዋናይት የለችም ማለት ይቻላል። ዓሣ ለማጥመድ የወጡ ሁለት ጓደኛሞች፣ አንድ ነፍሰ ገዳይ፣ አንድ መኪናና በረሃ ብቻ ነው ያለው። ኤድመንድ ኦብራየንና ፍራንክ ላቭጆይ ታጋቾቹን፣ ዊልያም ታልማን ገዳዩን ሆነው ተጫውተዋል። የገዳዩ አንደኛው ዓይን ሲተኛም የማይከደን በመሆኑ፣ ታጋቾቹ መተኛቱንና መንቃቱን መለየት አይችሉም። ከዚህ አንድ ነገር ብቻ የሚገኘው ፍርሃት በብዙ ተኩስ ከሚገኘው ይበልጣል። የካሜራው ባለሙያ ኒኮላስ ሙሱራካ በጠባቡ መኪና ውስጥ የሚያሳየው ጨለማና በገላጣው በረሃ የሚያሳየው ብርሃን ሁለቱም እስር ቤት ይመስላሉ። ሜክሲኮውያኑ በገዛ ቋንቋቸው በስፓኝ ይነጋገራሉ፤ ትርጉም አይጻፍላቸውም። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀው ተመልካች እንደ ገዳዩ ግራ ይገባዋል። ፊልሙ ርዝመቱ 71 ደቂቃ ብቻ ሲሆን አንድም ትርፍ ደቂቃ የለውም። ሴት ዲሬክተር የምትችለው የሴት ወይዘሮችን ታሪክ ብቻ ነው ለሚለው አስተሳሰብ ከዚህ የተሻለ መልስ አልተሰጠም። ይህም ፊልም በ1998 በብሔራዊው የፊልም መዝገብ ገብቷል።

በዚያው ዓመት የወጣው ዘ ቢጋሚስት ስለ ባለ ሁለት ሚስት ነጋዴ ነው። አይዳ ራሷ ከሁለቱ ሚስቶች አንዷን እየተጫወተች መራችው። ጸሐፊው ኮሊየር ያንግ በዚያን ጊዜ ከእርሷ ተፋትቶ ተዋናይት ጆአን ፎንቴይንን አግብቶ ነበር። የሌላይቱን ሚስት ሚና የተጫወተችው ደግሞ ይህችው ፎንቴይን ናት። አይዳም በ1951 ተዋናይ ሃዋርድ ዳፍን አግብታ በ1952 ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። የግል ሕይወት ሲለያይ ሥራ አልተለያየም። ፊልሙ ባልየውን አይፈርድበትም፤ ነጻም አያወጣውም። ሁለቱም ሴቶች በደል የሌለባቸው በመሆናቸው ተመልካቹ የሚጠላው ሰው አጥቶ ይወጣል።

የድርጅቱ መውደቅ

ዘ ፊልምሜከርስ በሕይወት ሳለ 12 ፊልሞችን አዘጋጅቷል። ከእነዚህ ውስጥ አይዳ 6ቱን መርታለች፣ 5ቱን ጽፋለች ወይም በጽሕፈቱ ተካፍላለች፣ በ3ቱ ተጫውታለች። ወጪ ለመቀነስ ያልተሞከረ ዘዴ አልነበረም። የቤት ሥዕል በስቱዲዮ ከማሠራት ይልቅ በእውነተኛ መንገድና በእውነተኛ ሕንፃ ይቀርጹ ነበር። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ትርኢት በወረቀት ላይ ያልቅ ነበር። የንግድ ዕቃዎችን ስም በፊልሙ ውስጥ በማሳየት የኩባንያዎችን ርዳታ ያገኙበትም ጊዜ አለ።

ነገር ግን ፊልም መሥራት አንድ ነገር ሆኖ ፊልምን ለሲኒማ ቤቶች ማድረስ ሌላ ነገር ነው። የማከፋፈሉን ሥራ ይዞላቸው የነበረው የሃዋርድ ሂውዝ ኩባንያ አር.ኬ.ኦ. ነበር። ኩባንያው ገንዘብ ሲያበድር ከትርፉ ይካፈላል፤ ማስታወቂያውንም በፈቀደው መንገድ ያደርጋል። ከዚህ ቀንበር ለመላቀቅ ባልደረቦቿ ድርጅቱ ፊልሞቹን ራሱ እንዲያከፋፍል ወሰኑ። አይዳ ይህንን ተቃውማ ነበር። የፊልም ሠሪዎች የማያውቁት ንግድ ውስጥ መግባት የለባቸውም የሚል ነበር አቋሟ። አልተሰማችም። ዘ ቢጋሚስትን በራሳቸው አከፋፋይነት አወጡት፤ ሲኒማ ቤቶቹም በታላላቆቹ ኩባንያዎች እጅና ወዳጅነት ሥር ስለ ነበሩ ገቢው አልመጣም። በ1955 ድርጅቱ ፈረሰ። የነጻ ፊልም ሠሪ ነጻነት የሚፈተነው በካሜራው ዘንድ ሳይሆን በሲኒማ ቤቱ በር መሆኑን የዚህ ድርጅት ታሪክ በግልጽ ያስረዳል።

የቴሌቪዥን ዘመን

ድርጅቱ ሲወድቅ አይዳ የ37 ዓመት ሴት ነበረች። ታላላቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ዲሬክተር ትሁንልን ብለው አልጠሯትም። የጠራት አዲሱ መሣሪያ ቴሌቪዥን ነበር። መጀመሪያ ዲክ ፓወል፣ ዴቪድ ኒቨንና ቻርልስ ቦየር በአክሲዮን ባቋቋሙት ፎር ስታር በተባለው ድርጅት ትርኢቶች ላይ በተዋናይነት ደጋግማ ታየች። ከ1957 እስከ 1958 ደግሞ ከባሏ ከሃዋርድ ዳፍ ጋር የተዋናይ ባልና ሚስትን ኑሮ በቀልድ በሚያሳይ ተከታታይ ትርኢት ተጫወተች።

በቴሌቪዥን ዲሬክተርነት የጀመረችው በ1956፣ ታሪኩን ራሷ በደረሰችው አንድ አጭር ተውኔት ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ጎርፍ መጣ። ሪቻርድ ቡን ዋናውን ሚና በሚጫወትበት የከብት ጠባቂዎች ዘመን ትርኢት፣ ቦሪስ ካርሎፍ በሚያስተዋውቀው የአስፈሪ ታሪኮች ተከታታይ፣ በአልፍሬድ ሂችኮክ ትርኢቶች፣ በወንበዴና በፖሊስ፣ በስደተኛና በአሳዳጅ፣ በቤተሰብ ቀልድ ሁሉ ሠራች። የመራቻቸው የቴሌቪዥን ክፍሎች ከመቶ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። የሚበዙት ኃይለኛ የወንዶች ታሪኮች ነበሩ። ዘ ሂች ሃይከር ያተረፈላት ስም ይህ ነበርና።

ትዋይላይት ዞን በተባለው ዝነኛ ተከታታይ ትርኢት ውስጥ ያላት ስፍራ ልዩ ነው። በ1959 በአንድ ክፍል፣ ያለፈ ዝናዋን በጨለማ ክፍል ተቀምጣ በድሮ ፊልሞቿ የምታይ ተዋናይት ሆና ተጫወተች። በ1964 ደግሞ ሮድ ሰርሊንግ የጻፈውን ዘ ማስክስ የተባለውን ክፍል መራች። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ባለጸጋ፣ ለውርሱ የጓጉትን ዘመዶቹን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አስቀያሚ ጭምብል እንዲያጠልቁ ያስገድዳል። ጭምብሉ ሲወልቅ ፊታቸው እንደ ጭምብሉ ሆኖ ይገኛል። በመጀመሪያው ተከታታይ ዘመን ከሠሩት ዲሬክተሮች መካከል ሴት እርሷ ብቻ ነበረች፤ በተዋናይነትም በዲሬክተርነትም የሠራ ሰው ከእርሷ በቀር የለም።

የቴሌቪዥን ሥራ ከፊልም የሚለየው በፍጥነቱ ነው። የግማሽ ሰዓቱ ትርኢት በሦስት ቀን አካባቢ ተቀርጾ ማለቅ ነበረበት። ለመሳሳት ጊዜ የለም፤ ለመቆጣትም ጊዜ የለም። አይዳ በሥራ ላይ ሳለች ትእዛዝ በመስጠት ፈንታ እንደ እናት በመለመንና በማማከር ሰዎቿን ትመራ ነበር። በዲሬክተርነት ወንበሯ ጀርባ ላይም የሁላቸው እናት መሆኗን የሚገልጽ ጽሑፍ ነበር። የምታውቀውን ነገር እንደማታውቅ መስላ የካሜራ ሠራተኛውን ምክር የምትጠይቅበት ጊዜ እንደ ነበረም የታወቀ ነው። ይህ አሠራር ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ሠራተኛው በፍቅር እንዲሠራ ያደረገ ብልሃት ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ወንድ ዲሬክተር በአንድ ቃል የሚያገኘውን መታዘዝ ሴቲቱ ዕውቀቷን በመሸሸግ የገዛችው መሆኑን ያስረዳል። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል፤ አይዳ ሥራውንም አጥሩንም ተሸክማለች።

በ1966 ወደ ታላቁ ሸራ ለመጨረሻ ጊዜ ተመለሰች። ለኮሎምብያ ኩባንያ የመራችው ዘ ትራብል ዊዝ ኤንጀልስ፣ በመነኮሳይያት ትምህርት ቤት የሚያጠፉ ሁለት ልጃገረዶችን ታሪክ በደስታ የሚተርክ ሲሆን፣ ሮዛሊንድ ረስልና ሄይሊ ሚልስ ተጫውተውበታል። ፊልሙ ገበያ አግኝቷል። ሆኖም ሌላ ፊልም እንድትመራ የጠየቃት አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በተዋናይነት እየቀጠለች፣ በ1972 በሳም ፔኪንፓ ጁኒየር ቦነር በተባለው ፊልም የስቲቭ ማኩዊን እናት ሆና በጥሩ ሁኔታ ተጫወተች። በ1978 ሥራዋን አቆመች። ነሐሴ 3 ቀን 1995 በ77 ዓመቷ በሎስ አንጀለስ ዐረፈች።

የሥራዋ ዋጋ

አይዳ ሉፒኖ በሕይወቷ ሳለች በዲሬክተርነቷ የሚገባትን ዝና አላገኘችም። የቴሌቪዥን ትርኢት ዲሬክተሩን ደብቆ ተዋናዩን የሚያሳይ በመሆኑ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች ሥራዋን እያየ ስሟን አያውቅም ነበር። በሞተች ጊዜ ዲሬክተር ማርቲን ስኮርሰሲ ስለ ሥራዎቿ ክብደት በጋዜጣ ጽፎ የብዙዎችን ዓይን ከፈተ። ከዚያም ወዲህ ያሉት ዓመታት ፊልሞቿ እየታደሱ የሚታዩበት፣ በትምህርት ቤቶችም የሚጠኑበት ጊዜ ሆኑ።

ሆኖም ስለ እርሷ ሲነገር የሴትነቷን ብዝነት ብቻ ማንሣት ሥራዋን ማሳነስ ይሆናል። የሆሊውድ ኩባንያ ያገደባትን ቀናት ትምህርት ቤት አድርጋ የሙያውን ሁሉ ክፍል ማወቋ፣ ዕድሉ ድንገት በአንድ ሰው ሕመም ምክንያት ሲመጣ ዝግጁ ሆና እንድትገኝ አስቻላት። ያለዚያ እውቀት ባዶው ወንበር ባዶ እንደ ሆነ ይቀር፣ ወይም ለሌላ ይሰጥ ነበር። በሌላ በኩል ዕውቀት ብቻ በቂ አለመሆኑንም ታሪኳ ያሳያል። ድርጅቷ የፈረሰው መልካም ፊልም ባለመሥራቱ አልነበረም፤ የሠራውን ለሕዝብ የሚያደርስበት መንገድ በሌሎች እጅ ስለ ነበረ ነው። ሙያተኛ በሙያው ቢበስልም፣ ሥራው ከሕዝብ ጋር የሚገናኝበትን በር በጋራ ካልጠበቀው የልፋቱ ዋጋ በሌሎች ደጃፍ ይቀራል። አይዳ ሉፒኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ በመድረክ ከኖረ ቤት ወጥታ፣ የማይነገረውን ለማሳየት በጥቂት ገንዘብና በብዙ ትዕግሥት ደክማለች። ከሞተች በኋላ በመዝገብ የተጠበቁላት ሁለቱ ፊልሞቿ፣ አውትሬጅና ዘ ሂች ሃይከር፣ የተሠሩት ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ቅጥር ወጥታ በራሷ ድርጅት በሠራችባቸው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ነው።